ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተከፈተው በር

ወረቀቱን ያየሁት ጎረቤት ቤት፣ ቡና ላይ ነው። አንድ ገጽ ሕትመት ነው። ከላይ ባለ አምስት አሃዝ የካርድ ቁጥርና ስም፣ ከሥሩ የቀንና የሰዓት ዝርዝር፦ 02:14፣ 02:09፣ 02:17፣ 02:11። በየመስመሩ መጨረሻ «ግምጃ ቤት፣ ተፈቅዷል» ይላል።

ካርዱ የእትዬ ነው። ስማቸውን ልተወው፤ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት 9 ዓመት በጽዳት ሠርተዋል። በግማሽ ዓመቱ ቆጠራ ከግምጃ ቤቱ ሁለት ላፕቶፕና ጥቂት ካርቶን የፕሪንተር ቶነር ጎደለ። አስተዳደሩ የበሩን መዝገብ አሳተመ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 02:14 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8:14 ነው። እትዬ በየሥራ ቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግምጃ ቤት ሲገቡ ነበር ማለት ነው። ከሥራ ታገዱ። ሁለቱ የሌሊት ጥበቃዎችም «ሳታዩ እንዴት ገባች?» ተብለው ቃላቸውን ሰጡ።

«ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ከቤቴ ብወጣስ በምን ታክሲ ነው የምሄደው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አስተዳደሩ ዘንድ ግን መልሱ አንድ ነበር፦ «ማሽን አይዋሽም»።

በዚህ ቻናል ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ትልልቁ ጉዳይ ነው። ዛሬ የክብሪት ሣጥን ስለምታህል ዕቃ ልጽፍ ነው፤ ታገሡኝ። ኤሌክትሮኒክስ አልተማርኩም፣ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ነው። ታሪክ ክፍል ሰነድ ሲሰጡህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ከማን ሰምቶ ጻፈው የሚለውን ነው። የእትዬንም ወረቀት እንደዚያው መጠየቅ ነበረብኝ። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ከሁለት ቀን ምልልስ በኋላ በቅርቡ ሲስተሙን የነካውን ባለሙያ ስልክ ሰጡኝ። ወጣት ነው፣ ካቻቢቴና ቴስተር በቦርሳው ይዞ ከሕንፃ ሕንፃ የሚዞር። «እኔ እኮ ኮንቨርተር ብቻ ነው የቀየርኩት» አለኝ።

ኮንቨርተር ማለት ያቺ የክብሪት ሣጥን ናት። በአንድ በኩል ሁለት ሦስት ሽቦ በብሎን ይታሰርባታል፤ በሌላው በኩል ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ጫፍ አላት። ከየበሩ የሚመጣውን ወሬ ለኮምፒውተሩ ትተረጉማለች። እንዲህ ያለች አስተርጓሚ ለምን አስፈለገች? ምክንያቱም በሩ፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ የሦስት የተለያየ ዘመን ልጆች ስለሆኑ ነው።

ከሩቁ ልጀምር። ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ ሰው ኤሚል ቦዶ በ1870ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፊደልን ሁሉ በአምስት «አለ» እና «የለም» ምልክት የሚልክ ማሽን ሠራ። እኛ አገር የቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከ1894 ጀምሮ ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የቴሌፎንና የቴሌግራፍ መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። የቦዶ ስም ዛሬም በየኮንቨርተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ አለ፤ «ባውድ ሬት» የሚለው ቃል የመጣው ከእሱ ስም ነው። ቀጥሎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቴሌፕሪንተር የሚባለው፣ ራሱ የሚጽፈው የቴሌግራፍ ማሽን ተስፋፋ። ማሽኑ ሞተርና ጥርስ ያለው ብረት ስለነበረ እያንዳንዱ ፊደል ከመምጣቱ በፊት «ተነሥ»፣ ካለቀ በኋላ «ቁም» የሚል ምልክት ያስፈልገው ነበር።

ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ ያሳየኝ ገጽ ላይ «9600፣ 8፣ ኤን፣ 1» የሚል ተጽፏል። ያው ታሪክ ነው። በሰከንድ 9600 ቢት፤ ለአንድ ፊደል 8 ቢት፤ ኤን ማለት ስህተት መፈተሻ ቢት የለም፤ 1 ማለት ደግሞ አንድ የ«ቁም» ምልክት። «ተነሥ» የሚለው ቢት ሳይጻፍ የታወቀ ነው። አንድ ፊደል በድምሩ 10 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ በሰከንድ የሚያልፈው 960 ፊደል ነው። ዛሬ ስልካችን ከሚጭነው ፎቶ ጋር ስታስተያዩት ያስቃል፤ በር ለመክፈት ግን ይተርፋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሁለቱም ጫፍ በአንድ ልክ ካልተስተካከለ አንዱ የሚልከውን ሌላው ዝም ብሎ ቆሻሻ አድርጎ ያነበዋል። ማንም «አልገባኝም» አይልም።

በ1960 የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር ይህን ዓይነቱን ግንኙነት አርኤስ-232 በሚል ደንብ አወጣው። ዓላማው ተርሚናልን ከሞደም ማገናኘት ነበር፤ አንድ ላኪ፣ አንድ ተቀባይ፣ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ። ለኬብሉ የተመከረው ርዝመት 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው የታወቀ ነው፤ ቁልፉን የያዘው የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ደንቡ ውስጥ «አንተ ማን ነህ?» የሚል ጥያቄ የለም። ሽቦው ላይ የመጣ ሁሉ ይታመናል። ያኔ ምንም ስህተት አልነበረውም። ይህ እምነት ከክፍሉ ወጥቶ በር ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ የሚጀምረው።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። ጆን ዊጋንድ የሚባል ሰው በ1970ዎቹ የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ሽቦ አለ። ከኮባልት፣ ከብረትና ከቫናዲየም የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው። እየተጠመዘዘ ይሠራና ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ የማግኔት ባሕርይ ይኖረዋል። ማግኔት አጠገብ ሲያልፍ የውስጡና የውጪው አቅጣጫ በድንገት ይገለባበጣል፤ ያን ጊዜ አጭርና ስለታም የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። ባትሪ አይፈልግም፤ ሽቦውም ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ አቧራና ዝናብ አይነካውም።

የካርድ ሠሪዎች ይህን ሽቦ ቆራርጠው በካርድ ውስጥ በሁለት ረድፍ ደረደሩት። አንዱ ረድፍ ላይ ያለ ቁራጭ ዜሮ ነው፤ ሌላው ረድፍ ላይ ያለው አንድ ነው። ካርዱ በሪደሩ ስንጥቅ ሲያልፍ ዜሮዎቹ በአንድ ሽቦ፣ አንዶቹ በሌላ ሽቦ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ዛሬም አብዛኞቹን የካርድ ሪደሮች ከግድግዳ ብትነቅሉ ከኋላው «ዲ ዜሮ» እና «ዲ አንድ» የተባሉ ሁለት ሽቦዎች ታገኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ አረንጓዴና ነጭ ናቸው። ሁለቱም 5 ቮልት ላይ ያርፋሉ፤ ቢት ለመላክ አንዱ ለአፍታ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ባለ ሽቦው ካርድ ራሱ ከገበያ ወጥቷል፤ አሁን በየአንገታችን የምናንጠለጥለው በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ነው። ሪደሩ ግን ወደ ውስጥ የሚያወራው አሁንም በዚያ በሞተው ካርድ ቋንቋ ነው። ለምን ቢባል ከውስጥ ያለው ኮንትሮለር ሌላ ቋንቋ አያውቅማ። አዲስ ካርድ የሚሠራው ሁሉ ከአሮጌው ኮንትሮለር ጋር መስማማት ነበረበት፤ አዲስ ኮንትሮለር የሚሠራውም ከአሮጌው ሪደር ጋር። ሁለቱ እየተጠባበቁ ሃምሳ ዓመት አለፈ።

በዚያ ቋንቋ የሚነገረው ምንድን ነው? በብዛት የሚሠራበት አቀማመጥ 26 ቢት ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስህተት መፈተሻ ናቸው። 8 ቢት የድርጅት ኮድ፣ 16 ቢት የካርድ ቁጥር። የድርጅት ኮዱ 256 ዓይነት፣ የካርዱ ቁጥር 65,536 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አብረው ሲባዙ ወደ 16.8 ሚሊዮን ነው። ለዓለም በሙሉ! አቀማመጡን ማንም እንደፈለገ ስለሚጠቀምበት አንድ ቁጥር ያለው ካርድ ሁለት አገር ሊገኝ ይችላል፤ የሚከለክለው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ለእትዬ ጉዳይ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። በዚያ ምት ውስጥ ስም የለም። ሰዓትም የለም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ደግሞ ንግግሩ በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ሪደሩ ይናገራል፣ ኮንትሮለሩ ይሰማል። ኮንትሮለሩ «በእርግጥ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። በ2007 ላስ ቬጋስ በተካሄደው ዴፍ ኮን በተባለው የሃከሮች ጉባኤ ዛክ ፍራንከን ይህን በአደባባይ አሳየ። የሪደሩን ክዳን ከፍቶ ከኋላ ባሉት ሽቦዎች ላይ ትንሽ ዕቃ አሰረ። ዕቃዋ የሚያልፈውን የካርድ ቁጥር ትይዛለች፣ በኋላም ባለቤቱ ሳይኖር ደግማ ትናገረዋለች፤ በሩ ይከፈታል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው የካርዱ ባለቤት ስም ነው።

የእትዬ ካርድ ተሰርቆ ነው እያልኩ አይደለም። በእኛ ጉዳይ እንዲህ ያለ ብልጥ ሌባ አልነበረም።

ሦስተኛው ዘመን የኬብሉ ነው። ሕንፃዎች በር ሲያበዙ 15 ሜትር አልበቃም። አንድ ለአንድ ማገናኘትም አልተቻለም፤ ሃያ በር ላለው ሕንፃ ሃያ ኬብል ወደ አንድ ኮምፒውተር መሳብ ሊኖርብህ ነው። በ1983 አርኤስ-485 መጣ። ዘዴው ቀላልና ብልህ ነው። አንድ መልእክት በሁለት በተጠማዘዙ ሽቦዎች ይላካል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ተቀባዩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። በአጠገቡ ያለ የሊፍት ሞተር ወይም የመብራት መሥመር ሁከት ሲያመጣ ሁለቱንም ሽቦ እኩል ያናውጣል፤ ልዩነታቸው ግን አይነካም። በዚህ ዘዴ እስከ 1200 ሜትር መሄድ፣ በአንድ ጥንድ ሽቦም 32 ዕቃ ማሰር ተቻለ። ሁሉም አንድ መሥመር ላይ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩ በተራ እየጠራ «3 ቁጥር፣ ምን አለህ?» ይላል። የተጠራው ብቻ ይመልሳል።

ባለሙያው ሲያስረዳኝ ድምፁ የጋለው እዚህ ላይ ነበር። መሥመሩ ከበር ወደ በር እንደ መቁጠሪያ መሄድ አለበት፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሊበተን አይገባም። በሁለቱ ጫፍ ላይ 120 ኦም ማቆሚያ ይታሰራል፤ አለዚያ ምልክቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ከሚቀጥለው ጋር ይጋጫል። ሁለቱ ሽቦዎች «ኤ» እና «ቢ» ይባላሉ፤ ሆኖም አንዱ አምራች ኤ ያለውን ሌላው ቢ ይለዋል። «ካልሠራ አገላብጠህ ሞክር ነው መመሪያው» ብሎ ሳቀ። መሬት የሚባለው ሦስተኛው ሽቦም አለ፤ ብዙ ሰው «ሁለት ይበቃል» ብሎ ይተወዋል፣ በጋ ላይ ይሠራል፣ ክረምት ላይ መብረቅ ሲመጣ ኮንቨርተሩ ይቃጠላል። እዚህ ሕንፃም የሆነው እሱ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ሆኗል።

አራተኛው ዘመን ኮምፒውተሩ ነው። በ1996 ዩኤስቢ መጣ፤ በ1998 የወጣው የአፕል አይማክ የድሮውን ሲሪያል ሶኬት ጭራሽ ጣለው። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሉ። የበር ሶፍትዌሮቹ ግን አሁንም «ኮም 1፣ ኮም 2» የሚባል የድሮ ሶኬት ነበር የሚፈልጉት። ኮንቨርተር የሚባለው ገበያ የተወለደው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ዕቃዋ ዩኤስቢ ላይ ትሰካለች፤ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ለኮምፒውተሩ «ኮም ፖርት ነኝ» ብሎ ይነግርላታል። አስመሳይ ናት ማለት ይቻላል።

አስመሳይዋም አስመሳይ አላት። ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ቺፖቹ በብዛት ይኮረጁበት ስለነበር፣ በጥቅምት 2014 በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የደረሰ አዲስ ድራይቨሩ የተኮረጁትን ቺፖች መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀየረ። ኮንቨርተሮቹ ከኮምፒውተር ጋር መነጋገር አቆሙ። ገዢው እኮ የተኮረጀ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ በሩ ነው ዝም ያለበት። ጩኸቱ ሲበዛ ድራይቨሩ ተነሣ። ርካሽ ዕቃ ከገበያ አንሥቶ የሚገጥም ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው አይጎዳም።

እንግዲህ በድርጅቱ ሕንፃ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ይህን ያገኘነው እኔና ባለሙያው አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሰነዱንና ሠራተኛውን እየጠየቅን ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ለፕሪንተር ቦታ ፈልጎ ኮንቨርተሩን ከአንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነቅሎ ሌላው ላይ ሰካው። ምንም ክፋት የለበትም። ዊንዶውስ ግን እንደ አዲስ ዕቃ ቆጥሮ ከኮም 3 ወደ ኮም 7 ቀየረው። ሶፍትዌሩ ኮም 3ን ይጠራል፣ የሚመልስ የለም። በሮቹ ግን መከፈታቸውን ቀጠሉ፤ የተፈቀደላቸው ካርዶች ዝርዝር በየኮንትሮለሩ ውስጥ ስላለ ኮምፒውተር አያስፈልጋቸውም። የሚከፈትና የሚዘጋ በር ስለ መዝገቡ ማንንም አያስጨንቅም። ኮንትሮለሮቹ የገባውንና የወጣውን በየራሳቸው ትዝታ እያስቀመጡ ጠበቁ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የሌሎቹ በሮች ባትሪ ያዘ፤ የግምጃ ቤቱ ኮንትሮለር ባትሪ ግን አርጅቶ ስለነበር አብሮ ጠፋ። ሲመለስ ትንሿ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ሰዓት አሳየች። ዱሮ ቢሆን ኮምፒውተሩ ወዲያው ያርመው ነበር፤ አሁን ግን ግንኙነት የለም። የሕንፃው ኤሌክትሪሻን፣ ታታሪ ሰው ናቸው፣ «ይቺ ሰዓት ትስተካከል» ብለው በቁልፎቿ ሞሏት። ቀኑን ከስልካቸው አዩ። ሰዓቱን ከእጅ ሰዓታቸው።

የእጅ ሰዓታቸው እንደ ብዙዎቻችን የሐበሻ ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ነበር፤ 03:15 ብለው ሞሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግምጃ ቤቱ ከዓለም ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀረ። እትዬ ሳሙናና መወልወያ ለማውጣት ጠዋት 2:14 ላይ ካርዳቸውን ሲያስነኩ ኮንትሮለሩ 02:14 ብሎ ጻፈ። ስክሪኑን ያየ ሰው ሁሉ ከእጅ ሰዓቱ ጋር ሲያስተያየው ልክ ነው። ማን ይጠርጥር?

ከሦስት ሳምንት በኋላ መብረቅ ኮንቨርተሩን አቃጠለው። ያን ጊዜ ባለሙያው ተጠራ። አዲስ ኮንቨርተር ገጠመ፤ ሽቦዎቹን አሰረ፤ መሬቱንም በዚያው አስተካከለ፤ ድራይቨር ጫነ፤ የፖርቱን ቁጥር ከሶፍትዌሩ ጋር አስማማ። ግንኙነቱ ተመለሰ። ሶፍትዌሩም ሁለት ሥራ ሠራ። በየኮንትሮለሩ የተከማቸውን የሳምንታት መዝገብ ጎትቶ አወረደ፤ የሁሉንም ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር አስተካከለ። ሁለቱም ትክክለኛ ሥራ ነው። ነገር ግን የተሳሳተው ሰዓት በዚያች ደቂቃ ስለታረመ፣ የተሳሳተ ሰዓት እንደነበር የሚመሰክር ነገር ከበሩ ላይ ጠፋ። በኋላ ሄዶ ስክሪኑን ያየ ሰው የሚያገኘው ትክክለኛ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን ማን ጻፈው? ቁጥሩን ካርዱ ሰጠ። ሰዓቱን ኮንትሮለሩ ጨመረ፤ እሱም ከኤሌክትሪሻኑ የእጅ ሰዓት ሰምቶ። ስሙን ኮምፒውተሩ ለጠፈ። ኮንቨርተሩ ምንም አልጨመረም፤ የተሰጠውን አደረሰ። አራቱም የፊተኛውን ቃል ሳይጠይቁ ተቀበሉ። በ1960 አንድ ክፍል ውስጥ የነበረው መተማመን ነው አዲስ አበባ ድረስ የመጣው።

እንዴት ታወቀ ብትሉ፣ እዚህ ላይ ማሽኑን ትቼ ሰው ላይ ቅሬታ አለኝ። ባለሙያው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «የበሩን መዝገብ በሙሉ አሳትሙልኝ፣ የአንድ ካርድ አይደለም»። አስተዳደሩ ከመጀመሪያውም ያሳተመው የእትዬን ካርድ ብቻ ነበር። ሙሉው ሲወጣ የግምጃ ቤት ኃላፊው ራሳቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲገቡ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሲወጡና ሲገቡ ተገኙ። የፋይናንስ ኃላፊዋም አንድ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወረቀት ሊወስዱ መጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ማንም ግምጃ ቤቱን አልከፈተም። እሑድ እሑድ ሌቦቹ በሙሉ ያርፋሉ። ኮንቨርተሩ በተገጠመበት ቀን ደግሞ መዝገቡ ከ04:40 በኋላ ዘሎ 10:52 ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የእትዬ ካርድ 08:12፣ 08:15 እያለ ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ከአንድ ሰው በላይ መጠርጠር ግን ያስፈልጋል። ወረቀቱ እትዬን አልመረጠም። አስቀድሞ የተመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ማሽኑ የተጠየቀው ስለ እሳቸው ብቻ ነው፣ ስለ እሳቸው ብቻ መለሰ።

በድሮ ጊዜ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስለዚህ ልማድ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ልጁ ላይ ሳይሆን መቀነቱን የያዘው ሰው እጅ ላይ ነው።

አዲስ መፍትሔ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። ኦኤስዲፒ የሚባል አዲስ ደንብ ሪደሩና ኮንትሮለሩ በሁለቱም በኩል እንዲነጋገሩ፣ ንግግራቸውም በኤኢኤስ-128 እንዲመሰጠር ያደርጋል። በ2020 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። የሚሄደውም በዚያው በ1983ቱ አርኤስ-485 ሽቦ ላይ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ግድግዳ መብሳት አይጠይቅም። ዛክ ፍራንከን ያሳየውን ዓይነት ሌብነት ምስጠራው በሚገባ ከተከፈተ ይዘጋዋል። የኤሌክትሪሻኑን የእጅ ሰዓት ግን አይዘጋውም። ይህንን የሚዘጋው ርካሽ ነገር ነው፦ የትኛው ፖርት፣ የትኛው ፍጥነት፣ የትኛው በር ስንት ቁጥር፣ ሰዓቱን ማን መቼ እንደነካው የሚጻፍበት አንድ ደብተር። ባለሙያውን ከሠራባቸው ሕንፃዎች በስንቱ እንዲህ ያለ ደብተር እንዳየ ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። የመክፈቻው የይለፍ ቃል እንኳ ፋብሪካው የሰጠው እንደሆነ የሚቀር ብዙ ነው፤ ገጣሚው ስልኩን ከቀየረ ሕንፃው የራሱን በር የሚያውቅለት ሰው አይኖረውም።

እኔ እላለሁ፣ የበር መዝገብ ሰው ላይ ከመቅረቡ በፊት የከሳሹም ካርድ አብሮ ይታተም። ሰዓቱ ትክክል እንደነበረ የማስረዳት ዕዳም የተከሳሹ አይሁን። እትዬ ስለ ስድስት ሰዓት ልዩነት ሊያስረዱ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ጎረቤታቸው ወሬኛ ጋዜጠኛ ባይሆን ኖሮ ወረቀቱ ፋይላቸው ውስጥ ይቀር ነበር።

እትዬ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። የታገዱበት ጊዜ ደመወዝ ተከፍሏቸዋል፤ የይቅርታ ደብዳቤ ግን አልተጻፈላቸውም። ጥበቃዎቹን ማንም ምንም አላላቸውም። ላፕቶፖቹ እስካሁን አልተገኙም።

በመጨረሻው ቀን ባለሙያው የኮንቨርተሩን ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ በናስትሮ ጠቅልሎ «አይነቀልም» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ እትዬን ጠርቶ፣ የአስተዳደር ኃላፊው ባሉበት፣ ካርዳቸውን እንዲያስነኩ ጠየቃቸው። በሩ ተከፈተ። ስክሪኑ 08:26 አለ። እትዬ ስክሪኑን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።

«የእኔ ሁለት ከሃያ ስድስት ይላል» አሉ።

«ልክ ነው፣ እማማ» አላቸው ባለሙያው።

ኃላፊው ምንም አላሉም። እትዬ መወልወያቸውን ይዘው ወጡ።